አማኝ ወይስ እማኝ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 2012 የግብጽ ኮፕቲክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በካይሮው የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል 118ኛውን ፓትርያርክ በዕጣ መረጠች። ለመጨረሻው ዙር የደረሱት የሦስት ዕጩዎች ስም በየወረቀቱ ተጽፎ፣ ወረቀቶቹ ውስጣቸው በሚታይ ሉሎች ታሽገው፣ በመስተዋት ዕቃ ተደርገው በጉባኤው ፊት ተቀመጡ። ቅዳሴው ሲያበቃ ዓይኑ በጨርቅ የታሰረ ሕፃን እጁን ሰዶ አንዱን አወጣ፤ ሲከፈትም የአቡነ ታዋድሮስ ስም ተነበበ። ሥርዓቱ ግን በዚህ አላበቃም። መንበሩን በዐቃቤነት ይመሩ የነበሩት አቡነ ጳኩሚስ ያልወጡትን ሁለት ወረቀቶችም ከፍተው ለምእመናኑ አሳዩ፤ በሦስቱም ላይ አንድ ስም ብቻ ተጽፎ ይሆን ብሎ የሚጠራጠር ቢኖር በዓይኑ አይቶ እንዲሄድ። በዚያ ካቴድራል የተሰበሰበው ሕዝብ መራጩ እግዚአብሔር ነው ብሎ የሚያምን ሕዝብ ነው። ታዲያ የቀሩትን ወረቀቶች ማየት ለምን አስፈለገው? በፈጣሪ ማመን ዕጣውን የጻፈውን፣ ያሸገውንና የያዘውን የሰው እጅ ከመመርመር ስለማያሰናብት ነው። ኦሪትም ነገር በአንድ ሰው ቃል ብቻ እንዳይጸና፣ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር እንዲፈለግ ያዘዘው በአምላኩ ለሚያምን ማኅበር ነበር።

አማርኛ ይህን ነገር በአንዲት ፊደል ለይቶ አስቀምጦታል። አማኝ ሳያይ የሚቀበል ነው፤ እማኝ በቦታው ተገኝቶ፣ አይቶ የሚመሰክር። ሁለቱም የበቀሉት «አመነ» ከሚለው ሥር ነው፤ ሆኖም አንዱን የሌላው ምትክ ማድረግ አይቻልም። በሃይማኖት ነገር አማኝነት ክብር አለው። በምርጫ ነገር ግን ሥልጣን የሚያዘው በሰው ላይ ነውና ዜጋ ከአማኝነት አልፎ እማኝ መሆን አለበት የሚል አቋም አለኝ። ይህን ጥያቄ ዛሬ አስቸኳይ ያደረገው ብሎክቼይን የተባለው ቴክኖሎጂ ነው። ኮሮጆ ይሰረቃል፣ ቃለ ጉባኤ ይፋቃል፣ ቆጣሪ ይደለላል፤ ስለዚህ ድምፅን ማንም ሊሰርዘው በማይችል የኮምፒውተር መዝገብ ላይ ብናሰፍር ሰውን ማመን አያስፈልገንም፣ ሒሳቡ ራሱ ዋስ ይሆነናል የሚል ተስፋ በየአህጉሩ ተሰብኳል። ቴክኖሎጂው ከእኛም ሩቅ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን መረጃ በብሎክቼይን ለመያዝ የካርዳኖን ቴክኖሎጂ ከሚያበለጽገው ኩባንያ ጋር መስማማቱ ይፋ ሆኖ ነበር። የተማሪ ውጤት ከተመዘገበበት ድምፅስ ለምን አይመዘገብበትም የሚል ሰው ቢነሣ ሐሳቡ ከቅንነት የመነጨ ሊሆን ይችላል። ቅንነቱን አከብራለሁ፤ መደምደሚያውን ግን አልቀበልም።

በመጀመሪያ ለቴክኖሎጂው የሚገባውን እንስጠው። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2008 በተሠራጨ ጽሑፍ ላይ የተገለጸው አሠራር በእውነት ብልህ ነው። አንድ መዝገብ በአንድ ባለሥልጣን ሳጥን ከመቆለፍ ይልቅ ቅጂው በብዙ ኮምፒውተሮች ይቀመጣል። እያንዳንዱ አዲስ ገጽ የቀደመውን ገጽ አሻራ ይዞ ይጻፋል፤ ከኋላ ያለ አንድ ገጽ ላይ ቁጥር የለወጠ ሰው ከዚያ ወዲህ ያሉት አሻራዎች ሁሉ ይፋረሱበታል፣ ሌሎቹ ቅጂዎችም ያጋልጡታል። የብራና መጽሐፍ ያየ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንድ ድርሳን በሐይቅም፣ በደብረ ሊባኖስም፣ በዋልድባም ተገልብጦ ካለ፣ በአንዱ ገዳም ያለውን ቃል ፍቆ የለወጠ እጅ በሌሎቹ ቅጂዎች ይታወቅበታል። ብሎክቼይን ይህን የብዙ ቅጂ ጥበብ በሒሳብ አጠናክሮ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሠራ አድርጎታል። የተጻፈው እንዳይፋቅ በማድረግ ረገድ ከእርሱ የሚበልጥ መዝገብ ማግኘት ያስቸግራል።

ችግሩ የሚጀምረው ከመጻፉ በፊት ባለው ቅጽበት ነው። የጥንት አባቶቻችን የርስትና የጉልት ስጦታ ሲያጸኑ ውሉን በቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል ትርፍ ገጾች ላይ ያስጽፉት ነበር። ወንጌሉ ከቤተ መቅደስ የማይወጣ፣ ማንም ሊፍቀው የማይደፍረው መጽሐፍ ስለሆነ የጊዜው የማይሻር መዝገብ እርሱ ነበር፤ ውሉን የሚያፈርስ ላይም ግዝት ይጻፍበታል። ይሁንና ቅድስናውና ግዝቱ ብቻ በቂ ናቸው አላሉም። ከውሉ ሥር ነገሩ ሲፈጸም በቦታው የነበሩ ሰዎች ስም ይዘረዘራል። ወንጌሉ የተጻፈውን ያቆያል፤ የተጻፈው በእርግጥ መሆኑን የሚናገሩት ግን እማኞቹ ናቸው። ሐሰት በወንጌል ትርፍ ገጽ ቢጻፍ እውነት አይሆንም፤ እንዲያውም ለመንቀል የሚያስቸግር ሐሰት ይሆናል። ብሎክቼይንም ከዚህ አያመልጥም። መራጩ በስልኩ «ሀ»ን ነክቶ በስልኩ ውስጥ የተደበቀ ተንኮለኛ ፕሮግራም «ለ»ን ቢልክ፣ መዝገቡ «ለ»ን ተቀብሎ ለዘለዓለም በታማኝነት ይጠብቀዋል። ያልተመዘገበ ሰው በሌላ ሰው መታወቂያ ቢመርጥ፣ ወይም የመራጮች መዝገብ ገና ከጅምሩ የሙታን ስም የተጨመረበት ቢሆን፣ ሰንሰለቱ አንዱንም አያውቅም። ምርጫ የሚሰረቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በር ላይ ነው።

ይህ የግምት ነገር ብቻ አይደለም። የአሜሪካዋ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2018 በውጭ አገር ለሚያገለግሉ ወታደሮችና ለሌሎች ነዋሪዎቿ ቮትዝ የተባለ የስልክ መተግበሪያ ፈቀደች፤ በ31 አገሮች የነበሩ 144 መራጮች ድምፃቸውን በእርሱ ሰጡ። መተግበሪያው ሲተዋወቅ ዋና መመኪያው ብሎክቼይን ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ፈትሸው ያወጡት ጥናት ግን ሥርዓቱ ውስጥ የገባ አጥቂ የመራጩን ድምፅ ሊለውጥ፣ ሊያስቀርና ሊገልጥ እንደሚችል አሳየ። በተጨማሪ መራጩ ስልክ ላይ ያለው ክፍል በብሎክቼይን የተረጋገጠ አንዳች መዝገብ ስለመቀበሉ ምልክት አላገኙም። የመተግበሪያው ኩባንያ ግኝቱን ቢያስተባብልም ግዛቲቱ ለዚያው ዓመት ምርጫ መተግበሪያውን ትታ ሌላ መንገድ ፈለገች። ሰንሰለቱ የቱንም ያህል የጠነከረ ይሁን፣ መራጩ ቆሞ የነበረው ከሰንሰለቱ ውጭ፣ በሌላ ሰው ቃል ላይ ነበር።

ሞስኮ ደግሞ ከዚህ የከፋውን አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2019 ለከተማው ምክር ቤት ምርጫ የተዘጋጀው የብሎክቼይን ድምፅ መስጫ ለፍተሻ ይፋ በሆነ ጊዜ ፒየሪክ ጎድሪ የተባሉ ፈረንሳዊ የምስጠራ ሳይንስ ተመራማሪ ቁልፉን በተራ ኮምፒውተር በ20 ደቂቃ ገደማ እንደሚሰብሩት አሳዩ፤ ቁልፉ አጭር ነበር። ባለሥልጣናቱ አረዘሙት። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በሴፕቴምበር 2021 በተካሄደው የዱማ፣ ማለትም የሩሲያ ፓርላማ፣ ምርጫ፣ ከሞስኮ 15 የምርጫ ወረዳዎች በበርካቶቹ በወረቀት ድምፅ ቆጠራ ተቃዋሚ ዕጩዎች ሲመሩ አመሹ። የኢንተርኔቱ ድምፅ ውጤት ዘግይቶ ቀረ። በማግስቱ ሲደመር በ15ቱም ወረዳዎች ያሸነፉት በከተማው አስተዳደር የተደገፉት ዕጩዎች ሆኑ። ቅር የተሰኘው ዕጩ ምን ማድረግ ይችላል? የወረቀቱን እንደገና ቁጠሩልኝ ማለት ይችላል፤ የኢንተርኔቱን ግን የሚቆጥር እጅ፣ ሲቆጠር ያየ ዓይን የለም። ያ ውጤት ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ሐሰትም ሊሆን ይችላል፤ ከባዱ ነገር ለተሸነፈው ሰው ይህን የሚለይበት መንገድ አለመተዉ ነው። በብሎክቼይን ላይ የቆመው ዲጂታል ገንዘብ፣ ቢትኮይን፣ የሚሠራው እርስ በርስ የማይተማመኑ፣ በየአገሩ የተበተኑ ሰዎች ቅጂውን ስለሚይዙ ነው። የመንግሥት ምርጫ ሰንሰለት ግን የሚያዘው በአብዛኛው በመንግሥት ወይም በቀጠረው ኩባንያ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። አንድ ሰው የያዛቸው መቶ ቅጂዎች አንድ ቅጂ ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማ ሙግት አለ፦ ገንዘባችንን በስልክ እናንቀሳቅሳለን፣ ደመወዝ በቴሌብርና በባንክ መተግበሪያ ይገባል፣ ይወጣል፤ ገንዘብ ያመንነውን ስልክ ድምፅ እንዴት አናምነውም? ንጽጽሩ ሲሰሙት ያሳምናል፣ ሲመረምሩት ግን ይፈርሳል። ከሒሳብዎ 500 ብር ቢጎድል ያውቃሉ፤ ሒሳቡ በስምዎ ነውና ቅርንጫፉ ድረስ ሄደው ይሞግታሉ፣ ባንኩም መዝገቡን ገልጦ ያያል፣ ስሕተት ከሆነም ይመልሳል። ድምፅ ግን ከኮሮጆው አፍ ሲያልፍ ከሰጪው ስም መለየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1856 በአውስትራሊያ ቅኝ ግዛቶች ተጀምሮ ዓለምን ያዳረሰው የሚስጥር ድምፅ አሰጣጥ ዋና ዓላማው ይህ ነበር፦ ባለርስቱ ገባሩን፣ አሠሪው ሠራተኛውን «ማንን መረጥህ?» ብሎ ቢጠይቅ ማረጋገጫ እንዳያገኝ። ስለዚህ መራጩ ድምፁ በትክክል መቆጠሩን ማወቅ አለበት፤ እንዴት እንደመረጠ ግን ለማንም ማስረዳት መቻል የለበትም። እነዚህ ሁለቱ የሚጋጩ ናቸው፤ የባንክ ሒሳብ ይህን ግጭት አያውቀውም። መዝገቡ የእኔን ድምፅ ለእኔ ካሳየኝ፣ በጡጫም ሆነ በገንዘብ ለሚያስገድደኝም ሰው ያሳየዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራን አንዲት እህት እናስብ። ስልኳም፣ ሰዓቷም፣ መውጫ መግቢያዋም በአሠሪዋ ፈቃድ ሊወሰን ይችላል። ለእርሷ በስልክ መምረጥ መብት የማግኘት ያህል ቢመስልም፣ የሚስጥር ክፍሉን መጋረጃ የሚጋርድላት የለም። መጋረጃው የተሰፋው ለደካማው ነው፤ ኃይለኛውማ በአደባባይም ቢመርጥ የሚነካው የለም።

በውጭ ያሉ ዜጎች ጉዳይ እውነተኛ ነው፤ አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም። ከአገሩ የራቀ ሰው ድምፅ እንዳይቀር ማሰብ ተገቢ ነው። መልሱ ግን ኤምባሲ፣ ቆንስላ፣ የሚታይ ኮሮጆና ታዛቢ ማቅረብ ነው፤ ያ ውድና አድካሚ ቢሆንም። በኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ዜጎች በኢንተርኔት ይመርጣሉ፣ በ2023 ከግማሽ በላይ የሆነው ድምፅ በዚያው መንገድ ተሰጥቷል የሚል ቢኖር ልክ ነው። የኢስቶኒያ ድምፅ አሰጣጥ የቆመው ግን በብሎክቼይን ላይ አይደለም፤ በመንግሥት መታወቂያ ካርድና ሕዝቡ በመንግሥቱ ላይ ባለው አመኔታ ነው። መራጩ ተገድዶ ከመረጠም ሐሳቡን ቀይሮ ደግሞ መምረጥ፣ በአካል ሄዶ በወረቀት መሻርም ይችላል። አመኔታ ያለበት አገር ብዙ ነገር ይሠራል። ጥያቄው አመኔታ በተጓደለበት አገር ምን ይሁን የሚለው ነው፤ የብሎክቼይን ሰባኪዎችም መጣንላችሁ የሚሉት ለዚሁ አገር ነው።

ወደ ፍልስፍናው እምብርት የሚያገባን የጀርመን ፍርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የፓርላማ ምርጫ 2 ሚሊዮን ያህል ጀርመናውያን በኤሌክትሮኒክ ማሽን መረጡ። አንድ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁርና የፊዚክስ ባለሙያ የሆነ ልጁ ነገሩን ወደ ካርልስሩሄው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ወሰዱት። ማሽኖቹ ተሳስተዋል የሚል ማስረጃ አልቀረበም፤ ምርጫውም አልተሻረም። ሆኖም ፍርድ ቤቱ ማርች 3 ቀን 2009 በሰጠው ውሳኔ የማሽኖቹ አጠቃቀም ሕገ መንግሥቱን ጥሷል አለ፤ ማንኛውም ዜጋ ልዩ የቴክኒክ ዕውቀት ሳያስፈልገው የምርጫውን ዋና ዋና ሂደቶችና የውጤቱን አወጣጥ መፈተሽ መቻል አለበት በሚል ምክንያት። የውሳኔው ጥልቀት እዚህ ላይ ነው። ትክክለኛ ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ ውጤቱ ትክክል መሆኑን ማየት የሚችለው ማን ነው የሚለውም የመብት ጥያቄ ነው። ሐኪምንና አብራሪን ሙያቸውን ሳናውቅ እናምናቸው የለም ወይ የሚል ይኖራል። እናምናቸዋለን፤ ሐኪሙ ግን በሽተኛው ቢድን እንጂ ቢሞት የሚወርሰው ነገር የለውም፣ አብራሪውም ከእኛው ጋር ተሳፍሯል። ምርጫ የሚያስፈጽመው መንግሥት በውጤቱ ውስጥ ጥቅም አለው፤ አሸናፊውን ማሳመን ደግሞ ድካም የለበትም። ምርጫ ፈተናውን የሚያልፈው ተሸናፊውና ደጋፊዎቹ «አዎ፣ ተሸንፈናል» ብለው ወደ ቤታቸው ሲገቡ ነው። የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር የነበሩ አዛውንትና የሒሳብ ዶክተር በምርጫ ጣቢያ እኩል ዓይን አላቸው፦ ኮሮጆው ባዶ ሆኖ ሲታሸግ፣ ሲከፈት፣ ወረቀቱ አንድ በአንድ ከፍ እየተደረገ ሲነበብ ሁለቱም ያያሉ። ብሎክቼይን አዛውንቱን ከእማኝነት ወደ አማኝነት ያወርዳቸዋል። ምሁሩንም ቢሆን አይተወውም፤ በሺህ የሚቆጠሩ የፕሮግራም መስመሮችን አንብቦ በምርጫው ዕለት የሠራው ያው ፕሮግራም መሆኑን የሚምልበት መንገድ የለውም።

ወረቀትስ ንጹሕ ነው? አይደለም፤ ይህን ከኢትዮጵያውያን በላይ የሚያውቅ ጥቂት ነው። የ1997 ዓ.ም. ምርጫ ውጤት ያስነሣው ውዝግብና ውዝግቡን ተከትሎ የፈሰሰው ደም ገና ከአእምሮ አልጠፋም፤ ኮሮጆ ገለበጡ፣ ታዛቢ አባረሩ የሚል አቤቱታ በምርጫ ታሪካችን ውስጥ ተደጋግሞ ተሰምቷል። ስለዚህ ሌላ መፍትሔ የሚፈልግን ሰው አልወቅሰውም። ግን ስርቆቱን በመጠን እንየው። በአንድ ጣቢያ ኮሮጆ ለመገልበጥ አስፈጻሚ፣ ጥበቃና ዝም የሚል ታዛቢ ያስፈልጋል፤ በ10 ሺህ ጣቢያ ለመገልበጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተባባሪ ያስፈልጋል፤ ከእነዚያ መካከል የሚናገር አይጠፋም። አቤቱታው ሊሰማ የቻለውም ያየ ሰው ስለነበረ ነው። በፕሮግራም ውስጥ የገባ ስርቆት ግን አንድ እጅ፣ አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ ጣቢያውን ሁሉ እኩል ያዳርሳል፤ አቤት የሚል እማኝም አይተርፍም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ላይ ነው፦ ጥቂት ኮሮጆ እንዳይሰረቅ ብለን ስርቆት ሲፈጸም የማየት አቅማችንን እንሰጣለን።

ጎረቤታችን ኬንያ በአምስት ዓመት ውስጥ የማይታየውንም የሚታየውንም መንገድ አሳይታናለች። በኦገስት 2017 የተካሄደውን የፕሬዚዳንት ምርጫ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ሴፕቴምበር 1 ቀን ሻረው። ከምክንያቶቹ አንዱ የምርጫ ኮሚሽኑ ሰርቨሮቹን ለምርመራ እንዲከፍት ታዝዞ በሚገባ ሳይከፍት መቅረቱ ነበር። ቴክኖሎጂ ነበር፤ የሚታይ ግን አልነበረም። በ2022 ኮሚሽኑ ሌላ መንገድ ያዘ። በየጣቢያው ተቆጥሮ የፓርቲ ወኪሎች የፈረሙበትን ቅጽ 34ኤ ፎቶ እያነሣ፣ ከ46 ሺህ በላይ ጣቢያዎችን ቅጽ ማንም ሰው ሊያወርደው በሚችል ድረ ገጽ ላይ ለጠፈ። ጋዜጠኛውም፣ ተማሪውም፣ ተፎካካሪው ፓርቲም በየራሱ መደመር ጀመረ። ከሰባቱ ኮሚሽነሮች አራቱ በመጨረሻው ሰዓት ውጤቱን አንቀበልም ብለው ወጡ፤ አገሪቱ ወደ ገደል አፋፍ የደረሰች መሰለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ በድረ ገጹ የነበሩት ቅጾች በጣቢያ ከተፈረሙት ወረቀቶች ጋር ተመሳከሩ፤ ይህን ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም፤ ሴፕቴምበር 5 ቀን ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ውጤቱን አጸኑ። አራት ባለሥልጣናት ከተጣሉበት ውጤት አገሪቱን ያዳናት በየጣቢያው የነበሩት እማኞች ፊርማና የማንም መደመር መቻል ነው።

ከምስጠራ ሳይንስ ጋር ጠብ የለኝም። መራጩ ሚስጥሩ ሳይገለጥ ድምፁ ከድምሩ ውስጥ መግባቱን የሚያረጋግጥባቸው የሒሳብ ዘዴዎች አሉ፤ ከወረቀት ጎን ቢቆሙ ይጠቅማሉ። ሆኖም ብሎክቼይን አያስፈልጋቸውም። አርኤስኤ የተባለውን ዝነኛ ምስጠራ ከፈለሰፉት ሦስቱ አንዱ የሆኑት ሮናልድ ሪቨስት ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት የብሎክቼይን ምርጫ ነባሩን የኢንተርኔት ምርጫ አደጋ እንደሚያከፋው ጽፈዋል፤ ሙያው የእርሳቸው ነውና ቃላቸው ይመዝናል። ለማይፋቅ መዝገብም ተገቢ ቦታ አለው፦ ቆጠራው በሰው ፊት ካለቀ፣ ቅጹም ከተፈረመ በኋላ የቅጹን አሻራ በብዙ እጅ ማስቀመጥ ከጣቢያ እስከ ማዕከል ባለው መንገድ እንዳይለወጥ ይጠብቀዋል። ወንጌሉ ከእማኞቹ ቀጥሎ የመጣው እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ለምርጫ ቦርድ፣ ለፓርቲዎችና ለሲቪል ማኅበራት የምለው ይህ ነው። ለአዲስ ሰንሰለት የሚወጣው ገንዘብ ታዛቢዎችን ለማሠልጠንና እስከ ሩቁ ቀበሌ ለማድረስ ይዋል። የጣቢያው ውጤት በበሩ ላይ ይለጠፍ፤ ወኪሎች በሙሉ ቅጂውን ይዘው ይሂዱ፤ የእያንዳንዱ ጣቢያ ቅጽ ፎቶ በዚያው ሌሊት ማንም ሊያየውና ሊደምረው በሚችልበት ቦታ ይውጣ። ኬንያ ይህን ያደረገችው በወረቀት፣ በፎቶና በአንድ ድረ ገጽ ነው።